መልእክት የላከ ብልቃጡንም ይክፈት
(ስለ ሕፃናት ክትባት ቀጠሮ ግልጽ ደብዳቤ)

ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ
ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ጤና መምሪያ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ የሕፃናት ክትባት ቀጠሮ በስልክ መልእክት እንዲታወስ ስለመጠየቅ

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ባለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ስልክ እጠግናለሁ፣ ሲም እሸጣለሁ፣ ሂሳብ እሞላለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ስለ ክትባት የማውቀው እንደ አባት ካርድ ሳገላብጥ ያየሁትን፣ ከባለሙያ ጠይቄ የተረዳሁትንና ያነበብኩትን ያህል ነው። በባሕር ዳርና በዙሪያዋ ባሉ እናቶች እጅ ላይ ስላለው ስልክ ግን ከናንተ የተሻለ ሳላውቅ አልቀርም። ብዕር ያነሣሁትም በዚያ በኩል ነው።

ጥያቄዬ አጭር ነው። አንዲት እናት ልጇን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታስከትብ ስልክ ቁጥሯ ይመዝገብ፤ የሚቀጥለው ቀጠሮ ሁለት ቀን ሲቀረው መልእክት ይድረሳት፤ በተጠራችበት ቀን ከመጣች ደግሞ ልጇ ሳይከተብ አይመለስ። ሦስቱም ያስፈልጋሉ፤ የመጨረሻው ግን ይብስብኛል። ምክንያቱን እደርስበታለሁ።

ለናንተ አዲስ ባይሆንም ለሌላው አንባቢ ስል ቅደም ተከተሉን ላስታውስ። ልጅ እንደተወለደ የቲቢ ክትባትና የመጀመሪያዋ የፖሊዮ ጠብታ አለች። በስድስተኛው ሳምንት፣ እኛ «የ45 ቀን» የምንለው፣ ፔንታቫለንት የሚባለው መርፌ ይመጣል። አንዱ መርፌ ትክትክን፣ ዘጊ አነዳን፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ የጉበት በሽታንና ሂብ የሚባለውን ሳንባ ምችና ማጅራት ገትር አምጪ ተህዋስ ይከላከላል። የሳንባ ምች መርፌው፣ የፖሊዮና የተቅማጥ ጠብታዎቹም አብረው ይሰጣሉ። በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት፣ ማለትም በሁለት ወር ተኩልና በሦስት ወር ተኩል፣ ይኸው በጥቂት ልዩነት ይደገማል። ከዚያ በኋላ እስከ ዘጠነኛው ወር፣ እስከ ኩፍኝ ክትባቱ ድረስ፣ አምስት ወር ተኩል ያህል ከመርፌ ጋር አይተያዩም።

ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት እናቲቱ ገና በወሊድ ወግ ውስጥ ናት፤ ጎረቤት ይጠይቃታል፣ አያት «ቀኑ ደረሰ» ትላለች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ቤት ድረስ ትመጣለች። በዘጠኝ ወር ልጁ እየዳኸ ወንበር ይገለብጣል፤ እናቲቱ ወደ ሥራዋ ወይም ወደ ገበያዋ ተመልሳለች፤ ካርዱም ከቤት ኪራይ ውሉና ከመብራት ደረሰኙ ጋር ፌስታል ውስጥ ገብቷል። ልጁ ጤነኛ ነው፣ ማንም አያስታውስም። በአሥራ አምስት ወር ደግሞ ጭራሹኑ ይረሳል። ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ወደ መደበኛው ፕሮግራም የገባው በ2011 ዓ.ም. ስለሆነ ትልልቅ ልጆቻቸውን ያለ እሱ ያሳደጉ እናቶች «ዘጠኝ ወር ላይ ጨርሷል» ብለው ካርዱን ያስቀምጡታል። በዘጠኝ ወር የሚሰጠው የመጀመሪያው ክትባት ከመቶ 85 ያህሉን ልጅ ነው የሚጠብቀው፤ የቀሩትን የሚይዘው ሁለተኛው ነው። ኩፍኝ በሰፈር እንዳይዛመት ከመቶ 95 ያህሉ ልጅ የተጠበቀ መሆን አለበት። የአሥራ አምስት ወሩን ቀጠሮ ማን እንደሚያስታውስ እስቲ አስቡት። ስለዚህ አቅም የሚያጥር ከሆነ ከሁለቱ የኩፍኝ ቀጠሮዎች ጀምሩ። የ45 ቀኑን አያቶች ይጠብቁታል።

አያቶች ካልኩ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። ወንድ ልጅ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና በምትነሣበት አገር የ45 ቀኑ ክትባት ለወንዱ ከክርስትናው ማግሥት ይውላል፤ ለሴቷ ግን የ45 ቀኑም የሁለት ወር ተኩሉም ከክርስትናዋ በፊት ነው የሚደርሱት። አራስ ሳትወጣ፣ ልጅ ክርስትና ሳትነሣ ከቤት አይወጣም የሚባልበት ቤት ዛሬም አለ። ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት መልእክቱ ለእናቲቱ ብቻ ቢላክ አይበቃም። ቁጥር ሲመዘገብ ሁለተኛ ቁጥር ጠይቁ፤ የአያት ቢሆን ይመረጣል። «ልጅቷን ውሰጃት» የምትለው አያት ከሆነች ክርክር የለም።

መልእክቱ ይሠራል ወይ? ሩቅ አገር ሳንሄድ ጎረቤታችን ጎንደር ከተማ ላይ የተደረገ ጥናት አለ። በፈረንጆች 2021 የታተመ ሲሆን እናቶችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለአንደኛው ወገን የቀጠሮ ማስታወሻ መልእክት ይልካል። መልእክት ከደረሳቸው ልጆቻቸውን ሙሉ በሙሉ ያስከተቡት ከመቶ 83 ገደማ፣ ካልደረሳቸው ደግሞ 71 ገደማ ሆነው ተገኙ። ያው የኛ ክልል፣ ያው የኛ ቋንቋ፣ ያው የኛ ኔትወርክ ነው። ነገሩን እንዳላጋንን ሌላ ልጨምር፦ በምዕራብ ኬንያ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ አቅራቢያ በሲያያ የተደረገውና በፈረንጆች 2017 የታተመው ጥናት መልእክት ብቻውን ያመጣውን ለውጥ ትንሽ ሆኖ ነው ያገኘው፤ ከ82 ወደ 86 ከመቶ። በመልእክቱ ላይ ለእያንዳንዱ በወቅቱ ለተሰጠ ክትባት 200 የኬንያ ሽልንግ ሲጨመር 90 ደረሰ። ከዚህ የምረዳው የረሳችውን እናት መልእክት እንደሚያመጣት፣ የባጃጅ ወይም የጀልባ ያጣችውን ግን እንደማያመጣት ነው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ።

እናንተ ኮምፒውተር ላይ የምትጽፉት መልእክትና ሱቄ ድረስ የሚመጣው ስልክ የሚተዋወቁ አይደሉም። ከገጠር የሚመጡት እናቶች አብዛኞቹ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው የያዙት። ከነዚህ ውስጥ የግዕዝ ፊደል የማያነቡ አሉ፤ አማርኛው በሙሉ የሳጥን ሰልፍ ሆኖ ይመጣል። አንዷ ከዘጌ በኩል ለገበያ የመጣች እናት «ወንድም ዓለም፣ ይችን አንብብልኝ እስቲ፣ ከባንክ ነው ከሌላ?» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። ሳየው መልእክት መያዣው ጢም ብሎ ሞልቷል። ከላይ እስከ ታች ከአራት አሃዝ ቁጥሮች የተላከ ነው፦ ዕጣ፣ የጥሪ ማሳመሪያ፣ «ለመመዝገብ ኦኬ ብለው ይላኩ»። አንዱም ለሷ የተጻፈ አይደለም። እሱን አጥፍቼ ቦታ ሳስለቅቅለት ወዲያው ተንጫጫ፤ ውጭ ቆሞ ተራ ሲጠብቅ የነበረ እውነተኛ መልእክት ገባ፣ የወንድሟ ነበር። እንዲህ ባለ ስልክ ላይ የክትባት መልእክት ቢላክ ወይ አይገባም፣ ቢገባም ከዕጣ ማስታወቂያ ተለይቶ አይታይም። ስለዚህ የክትባቱ መልእክት ሁልጊዜ ከአንድ የማይለወጥ ቁጥር ይምጣ። ቁጥሩም በክትባት ካርዱ ጀርባ ላይ በትልቁ ይጻፍ፤ ነርሷ መርፌውን ከወጋች በኋላ «ከዚህ ቁጥር ሲመጣልሽ የኛ ነው» ትበላት። ሌላ ማስታወቂያ ደግሞ በዚያ ቁጥር በጭራሽ አይላክበት፣ የጤና ሳምንት በዓል እንኳ ቢሆን።

ርዝመቱንም እዩልኝ። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ሲሆን 70 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ተቆራርጦ ይሄዳል፣ ሂሳቡም በቁራጩ ይቆጠራል፣ በአሮጌ ስልክ ላይ ደግሞ አንዳንዴ ጅራቱ ከራሱ ቀድሞ ይደርሳል። «የክልላችን መንግሥት ለእናቶችና ሕፃናት ጤና በሰጠው ልዩ ትኩረት መሠረት» ብላችሁ ከጀመራችሁ ቀኑ ሳይነገር ከ70ው ፊደል 45ቱ አለቀ። እኔ የሞከርኩት ይኸውላችሁ፦

«የልጅዎ ክትባት ማክሰኞ ኅዳር 9 ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ካርዱን ይዘው ይምጡ። ጤና ጣቢያ»

ክፍተቱ ሁሉ ተቆጥሮ 55 ነው። የጤና ጣቢያው ስም የሚገባበት 15 ቦታ ተርፎታል።

ቀኑና ሰዓቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ንቆ የሚያልፈው እሱን ነውና። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራው ሶፍትዌር ብዙውን ጊዜ የተሠራው ለሌላ አገር ነው። ኅዳር 9ን «18/11» ብሎ ይልከዋል። እኛ አገር 11ኛው ወር ሐምሌ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓትን ደግሞ «9:00» ብሎ ይልካል። እናቲቱ 9 ሰዓት ብላ አንብባ ከሰዓት በኋላ ትመጣለች። የኩፍኝ ክትባት ዱቄት ሆኖ ነው የሚመጣው፤ በፈሳሽ ከተበጠበጠ ከስድስት ሰዓት በላይ አይቆይም፣ ይጣላል። ጠዋት በ3 ሰዓት የተከፈተ ብልቃጥ የሚጣለው በ9 ሰዓት ነው። ሴትዮዋ የመጣችው ልክ ሲጣል ነው ማለት ነው፤ ያውም መልእክቱን አንብባ፣ አክብራ፣ ልጇን አዝላ። ስለዚህ የቀኑ ስም፣ ወሩ በአማርኛ፣ «ጠዋት» የምትለዋ ቃል፣ ሦስቱ አይቅሩ። ጳጉሜንንም የሚያውቅ ይሁን፤ አምስት ወይም ስድስት ቀን ትሁን እንጂ በሷም ልጅ ይወለዳል።

ማንበብ የማይችሉትስ? በ2016 የፈረንጆች ዓመት በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ማንበብ የሚችሉት ሴቶች ከመቶ 42 ነበሩ። ለቀሩት ጽሑፍ ብትልኩ ለኔ ሱቅ ደንበኛ ታበዛላችሁ እንጂ ልጅ አይከተብም። ለነሱ የተቀዳ የድምፅ ጥሪ ይሁን፤ ከሚያውቋት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ድምፅ ቢቀዳ ደግሞ የበለጠ ያምኑታል። ለሁሉም ግን በኢንተርኔት የሚሠራ አፕ ይሠራ የሚል ሐሳብ ከመጣላችሁ ተዉት። ዳታ የሌለባቸውን ወራት ይህች ከተማ ታውቃቸዋለች።

የቁጥሩ ባለቤትም ጉዳይ አለ። ካርድ ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የአባትየው ቁጥር ነው። አባትየው በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ መተማ ነው ያለው። «ልጅዎን ይዘው ይምጡ» የሚለው መልእክት መተማ በረሃ ውስጥ ገብቶ ምን ሊሠራ? ቁጥሩ ሲጻፍ «ይህ ስልክ ቀን ቀን ማን እጅ ነው የሚውለው?» ተብሎ ይጠየቅ። ሲም ይጠፋል፣ ይቀየራልም፤ እናቲቱ በመጣች ቁጥር «ቁጥርሽ ያው ነው?» ማለት ግማሽ ደቂቃ አይወስድም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን እናቲቱን እስከ ግቢው በር ነው የሚያደርሳት። ከዚያ ወዲያ ያለው የናንተ ነው።

የኔ ልጅ ዘጠኝ ወር ሲሞላው ባለቤቴ ከሥራዋ አስፈቅዳ፣ እኔ ሱቄን ዘግቼ፣ ከከተማችን ጤና ጣቢያዎች ወደ አንዱ ወሰድነው። ተራ ያዝን፣ ተመዘነ፣ ካርዱ ታየ። ከዚያ «ዛሬ የኩፍኝ አንከፍትም፣ ሐሙስ ኑ» ተባልን። ተናድጄ ጠየቅሁ። ነርሷ ሳትቆጣ አስረዳችኝ፦ ብልቃጡ ለአሥር ልጅ የሚበቃ ነው፤ የዚያን ቀን የመጣነው ሁለት ነን፤ ለሁለት ልጅ ከፍታ የስምንቱን ብትደፋ በወሩ መጨረሻ ስለ ብክነት የምትጠየቀው እሷ ናት። ንግግሯ ውስጥ ክፋት አላየሁም። አብራን ተራ የያዘችው ሌላዋ እናት ግን ከከተማ ወጣ ካለ ቀበሌ እንደመጣች ከጫማዋ ጭቃ ያስታውቅ ነበር። እኛ ለሐሙስ የሁለት ባጃጅ ሂሳብ ነው የጎደለብን። እሷ ሐሙስ መምጣቷን እጠራጠራለሁ።

እንዲህ ያለችው እናት በመዝገባችሁ ላይ «ያቋረጠች» ተብላ ነው የምትጻፈው። ግንዛቤ የላትም ተብሎ ስብሰባ ይጠራላታል። እሷ ግን መጥታ ነበር።

አሁን ይህችን ሴት በመልእክት ጠርታችሁ «ሐሙስ ነይ» ብትሏት ድግስ ጠርቶ በር መዝጋት ነው። ሁለተኛ መልእክት ብትልኩላት አታነብበውም፤ ጎረቤቷም እንዳታነብብ ትነግራታለች። ማስታወሻ መላክ ርካሽ ሥራ ስለሆነ ነው የምፈራው፦ ቁጥሩ ተሰብስቦ፣ መልእክቱ ተልኮ፣ «ይህን ያህል ሺህ እናቶች ደረስን» የሚል ሪፖርት ተጽፎ፣ ብልቃጡ እንደተዘጋ ሊቀር ይችላል።

ደስ የሚለው ግን መፍትሔው ያለው እዚያው መልእክቱ ውስጥ ነው። በዚህ ሳምንት ዘጠኝ ወርና አሥራ አምስት ወር የሚሞላቸውን ልጆች መዝገቡ ያውቃቸዋል። ሁሉንም ለየብቻ በየልደታቸው ቀን ከመጥራት ለአንድ ማክሰኞ ጥሯቸው። አሥር ቢጠሩና ሰባት ቢመጡ ብልቃጡ ያለ ጸጸት ይከፈታል፣ ነርሷም አትጠየቅም። ሁለት ብቻ ቢመጡስ? ይከፈት። በዚያ ቀን የተደፋው ክትባት ከቢሮው ሂሳብ ይጻፍ እንጂ ከነርሷ አንገት ላይ አይንጠልጠል። ለዚህ ከናንተ የሚያስፈልገው አንድ ደብዳቤ ነው፤ «በመልእክት በተጠራበት ቀን ለመጣ ልጅ፣ አንድም ቢሆን፣ ብልቃጥ ይከፈት» የሚል፣ ማኅተም ያለበት። ባለሙያው ያለ ማኅተም አይደፍርም፤ አልፈርድበትም።

ክትባቱ የማይኖርበትም ቀን አለ። መብራት ይጠፋል፣ ማቀዝቀዣው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መጠበቅ ያቅተዋል፣ መንገድ ይዘጋል። ያኔ ሌላ መልእክት፦ «የነገው ክትባት ተላልፏል፣ ይጠብቁን።» ሰው በዚህ አይቀየምም። የሚቀየመው ደክሞ ከደረሰ በኋላ ሲነገረው ነው።

ለሐይቁ ሰው ይኼ የመቀየም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ደቅ ደሴት ላይ ክትባቱ በበረዶ ሣጥን ተይዞ በጀልባ ነው የሚሄደው። ጣና ጠዋት ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣና ይናወጣል፤ ጀልባው ካረፈደ ቀኑ ተቃጠለ። ከደሴቱ ሌላ ጫፍ በእግር የመጣች እናት ዳር ላይ ቆማ ጀልባ ከምትጠብቅ ጀልባው ከባሕር ዳር ሲነሣ «ተነሥተናል» የሚል መልእክት ቢደርሳት ቀኗ ተረፈላት። የዘጌ ሰው ደግሞ በቡና ለቀማ ወቅት ጊዜ የለውም፤ የክትባት ቀን በሰፈሩ ሥራ ልክ ይቆረጥ። ይህን የሚያውቁት የየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ናቸው፤ ቀኑን እነሱ ይወስኑ፣ መልእክቱን ኮምፒውተሩ ይላክ።

ሌላ አንድ ትንሽ መልእክት እለምናለሁ። ፔንታቫለንት በተሰጠበት ቀን ማታ፦ «ትንሽ ትኩሳትና ማልቀስ ቢኖር የተለመደ ነው። ካልበረደለት ያምጡት።» ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ ያደረባት እናት ሁለተኛውን መርፌ ፈርታ እንደምትቀር ሱቄ ውስጥ ሲወራ እሰማለሁ። ያን ሌሊት የሚደርስ መልእክት ከብዙ ፖስተር ይሻላል።

ምሥጢርን በተመለከተ በአጭሩ፦ ስልኩ ከአንድ በላይ እጅ የሚገባ ስለሆነ የልጁ ስም፣ የእናቲቱ የጤና ሁኔታ መልእክቱ ላይ አይጻፍ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የእናቶቹ ቁጥር ዝርዝር ለማንም ነጋዴ፣ እኔንም ጨምሮ፣ እንዳይደርስ የሚጠየቅ ሰው በስሙ ይመደብ።

ለመጀመር ብዙ አያስፈልግም። ከከተማው ሁለት ጤና ጣቢያዎች፣ አንድ ከዘጌ፣ ደቅም ከተቻለ፤ የኩፍኝ ሁለቱ ቀጠሮዎች ብቻ፤ ለስድስት ወር። ከዚያ ሦስት ቁጥር ለሕዝብ ንገሩን፦ ስንት እናት ተጠራች፣ ስንቷ መጣች፣ ከመጡት ውስጥ ስንቷ ልጇ ሳይከተብ ተመለሰች። የመጨረሻው ቁጥር ከሪፖርቱ እንዳይወጣ አደራ።

በኛ በኩል ደግሞ አካባቢዬ ያሉትን የስልክ ጠጋኞች አነጋግሬያለሁ። ቁጥሩ ሲወጣ በየሱቃችን ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን፤ ከዚያ ቁጥር የመጣን መልእክት ለማንበብም ሆነ የሞላ ስልክ ለማስለቀቅ ከማንም ሳንቲም አንቀበልም። መልሳችሁን በደብዳቤም ሆነ በአካል እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የቅዳሜ ገበያ አካባቢ ስልክ ጠጋኝ፣ ባሕር ዳር

ግልባጭ፦
ለኢትዮ ቴሌኮም እና ለሳፋሪኮም ኢትዮጵያ፣ ባሕር ዳር (ለእናቶች ነጻ የሆነ አንድ የጋራ አጭር ቁጥር እንዲመድቡ)
ለዘጌና ለደቅ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች